የሰባት ወር ናት

የእህቴ ልጅ ስትወለድ ሁለት ኪሎ ነበረች። ሁለት ኪሎ ስኳር በፌስታል አንጠልጥሎ ከሱቅ የመጣ ሰው ያውቀዋል፤ እጅ ላይ ምንም አይከብድም። ጸጉሯ ጥቁርና ብዙ፣ ጥፍሯ የረዘመ፣ ጉንጭ የሚባል ነገር የሌላት፣ የግንባሯ ቆዳ የተሸበሸበ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ሳያት ቆንጆ ናት አላልሁም። ይቺ ልጅ ርቧታል ነው ያልሁት በሆዴ።

እኔ በዚያ ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነበር። የተማርሁት ኒውትሪሽን ነው፣ ሥነ ምግብ። ቤተሰቤ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባውም። የምረቃዬ ቀን አጎቴ «ይሄን ሁሉ ዓመት ገንፎ ስትማሪ ነበር ማለት ነው» ብሎ ቤቱን አሳቀው። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ የማስታወቂያ ሰሌዳ አነባለሁ፤ ሁሉም የሥራ ልምድ ይላል፤ ተናድጄ እመለሳለሁ። እናታችን እግሯን ታማ መምጣት ስላልቻለች፣ እህቴ ስትወልድ ገንፎ የማገነፋውም፣ ጨርቅ የማጥበውም፣ ጠያቂ የማስተናግደውም እኔ ሆንሁ። ቤቱ ግሽ አባይ ሰፈር ነው፣ ግቢ ውስጥ የተከራየቻቸው ሁለት ክፍሎች። ባሏ ቆጋ መስኖ ላይ ስለሚሠራ መርዓዊ ያድራል፤ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

ብቻዬን ግን አልነበርሁም። የእህቴ አማት ከዘጌ ሐይቁን በጀልባ ተሻግረው መጥተው ነበር። ባላቸው መሪጌታ ናቸው፣ እዚያው ደብር የሚያገለግሉ። እሳቸውን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሴት ናቸው። ስኳር አለባቸው። ጠዋት ከጸሎት በኋላ ጣታቸውን ወግተው ልጃቸው በገዛላቸው ትንሽ ማሽን ይለካሉ፤ ከዚያ ለመሪጌታ ደውለው ቁጥሩን ይነግሯቸዋል። ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ስልኩን ይዘጋሉ። ስኳራቸው ድንገት ሲወርድ የሚልሱት ከረሜላ ደግሞ ሁልጊዜ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ተቋጥሮ አለ። ለሕፃን የያዙት መስሎኝ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው «ሕፃኗ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ስሜን አይጠሩኝም። «ምሩቋ» ይሉኛል። «ምሩቋ፣ ውኃው ፈላ።» «ምሩቋ፣ በሩን ዝጊው፣ የሐይቅ ነፋስ ይገባል።» መጀመሪያ ክብር መስሎኝ ነበር።

እህቴ የወለደችው ቤታችን አጠገብ ባለ ትንሽ ክሊኒክ ነው። ክትትሏ ሌላ ቦታ ነበር፤ ምጡ ግን ቀድሟት እዚያ መድረስ አልቻለችም። እኔ ዳይፐር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ልጅቷ ሚዛን ላይ ነበረች። አዋላጇ ሚዛኑን አይታ ፊቷ ቅጭም አለ።

«ስንት ወርሽ ነበር?» አለቻት እህቴን።

እህቴ አፏን ሳትከፍት እማማ ከበሩ ላይ መለሱ። «ሰባት። የሰባት ወር ናት።»

የአዋላጇ ፊት ወዲያው ፈታ አለ። «ለሰባት ወርማ በጣም ጥሩ ክብደት ነው። እግዜር ይመስገን በሉ።»

እኔ ዳይፐሩን እንደያዝሁ በሩ ላይ ቀረሁ። እህቴን አየኋት፤ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እርጉዝ መሆኗን የነገረችኝ ለጥምቀት ነው። በዓሉን አብረን ውለን፣ ሰው መሃል፣ ጆሮዬ ላይ ነው የነገረችኝ። የወለደችው እንቁጣጣሽ አልፎ ነው። እንኳን ኒውትሪሽን የተማረ፣ ጣት ያለው ሰው ይቆጥረዋል።

ቤት ከገባን በኋላ እማማ ለጸሎት ወደ ጓሮ ወጥተው ስለነበር ጠየቅኋት።

«ሰባት ወር ማለት ምን ማለት ነው?»

«ተያቸው።»

«ዘጠኝ ወር ሞልቶሽ እኮ ነው የወለድሽ።»

«እሱን አንቺ ልትነግሪኝ ነው? እኔ ሆድ ውስጥ አይደለም እንዴ የነበረችው?»

«ታዲያ ለምን ዝም ትያለሽ?»

እህቴ ትራሱን አስተካከለች። ቢሮ ስትሆን ለአለቃዋ ሳትፈራ የምትመልስ ሴት ናት፤ አማቷ ፊት ግን ድምፅዋ ይለወጣል። «ምን ልበል? ልጄ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሆዴ ውስጥ ተቀምጣ ሁለት ኪሎ ሆና ወጣች ልበል? ምን ነስተሻት ነው ሊሉኝ? ዐቢይ ጾምን ጾሜያለሁ። እሳቸው ራሳቸው ተይ ብለውኝ ነበር፣ እምቢ ብዬ ነው የጾምሁ። አሁን ሰባት ካሉ ሰባት ይሁን። ለእኔም ይሻለኛል።»

እዚህ ላይ ምን ለማለት እንደፈለገች ገብቶኛል። ሰባት ወር ከሆነ ማንም ጥፋተኛ አይደለም፣ ልጅቷ ቸኩላ መጣች፣ አለቀ። በእኛ አገር ደግሞ የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም ይባላል። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። እና ትንሽ ልጅ ሲወለድ ቤተሰቡ በፍጥነት ሰባት ይላል፣ ስምንት የሚል ሰው ሳይቀድም። ዘጠኝ ብሎማ ማንም አይገምትም።

ችግሩ፣ አዋላጇም አመነች። የሰባት ወር ልጅ ሁለት ኪሎ ከሆነች ጎበዝ ናት። የዘጠኝ ወር ልጅ ሁለት ኪሎ ከሆነች ግን ሆድ ውስጥ እያለች የሆነ ነገር አጥሯታል፤ ጉበቷ ውስጥ ስንቅ አልያዘችም፤ ጡት በየሰዓቱ ካላገኘች ስኳሯ ይወርዳል። ሁለቱም መታየት አለባቸው፣ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ይሄን ተምሬያለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። ወሩን ሳላነሣ ቶሎ ቶሎ ትጥባ ብዬ ለእማማ ስነግራቸው ግን እንደ ሬዲዮ ነው የሰሙኝ።

«አንቺ ስንት ወልደሻል?» አሉኝ።

«አልወለድሁም።»

«እህ» አሉና ጥጣቸውን መፍተል ቀጠሉ።

ልጅቷ ትተኛለች። ሥራዋ ይኸው ነበር። አታለቅስም፣ አትነጫነጭም፣ ዳይፐሯ ሲረጥብ እንኳ ዝም ነው። ጠያቂ የመጣ ሁሉ አጎንብሶ ያያትና «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» ይላል። እማማ ደስ ይላቸዋል። «የአያቷ ልጅ ናት፣ ጨዋ ናት» ይላሉ። አንዷ ጎረቤት የራሷ ልጅ ስንት ሌሊት እንዳስለቀሳት አውርታ ስታበቃ «ለአንቺ ግን ማርያም ጨዋ ሰጠችሽ» አለቻት እህቴን። እኔን በሕይወቴ ማንም ጨዋ ብሎኝ አያውቅም፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል ቃሉ ያናደደኝ። ጨዋ አይደለችም፤ አቅም የላትም። የሚያለቅስ ልጅ ለማልቀስ የሚሆን ስኳር አለው።

የእግሯን መዳፍ በጣቴ እየነካካሁ እቀሰቅሳታለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ትጠባና ተመልሳ ትተኛለች። እማማ በቁጣ ያዩኛል።

«ተያት እንጂ። የሰባት ወር ልጅ ገና ሆድ ውስጥ ያለች ነው የሚመስላት። ቀኗ ሲሞላ ራሷ ትነቃለች።»

«እማማ፣ ቀኗ ሞልቷል።»

«ምን አልሽ?»

እህቴ ከአልጋው ላይ በዓይኗ ለመነችኝ። ክርክሩን ትቼ በስልኬ ደወል ሞላሁ፣ በየሁለት ሰዓቱ እንዲጮህ። እማማ መጀመሪያ ሲጮህ ደነገጡ፤ ሁለተኛ ሲጮህ ስልኩን ከትራስ ሥር ከተቱት። «ምሩቋ፣ ልጅ በደወል አይጠባም። ደወል ለቅዳሴ ነው» አሉኝ። እህቴ ሳቀች። እኔም ባልናደድ ኖሮ እስቅ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ማስታወቂያ ልይ ብዬ ወጣሁ። አዲስ ነገር አልነበረም። ስመለስ ፀሐዩ ከርሯል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እህቴ ደክሟት ተኝታለች። እማማ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ይፈትላሉ፤ እንዝርቱ ብቻ ነው የሚሰማው።

«መቼ ጠባች?» አልኋቸው።

«ጎህ ሲቀድ። ከዚያ ወዲህ እንደ መልአክ ተኝታለች።»

ጨርቁን ገለጥሁት። ግንባሯ ረጥቦ ቀዝቅዟል። አንድ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው አካሏ ግን ልል ነው። እግሯን ነካሁ፤ ምንም። አነሣኋት፤ አንገቷ ብቻ ሳይሆን ሁለመናዋ እንደ እርጥብ ፎጣ ወረደ። እህቴን ቀስቅሼ ጡት አፏ ላይ ብናደርግላትም አፏ አልተንቀሳቀሰም።

«ሆስፒታል እንሂድ። አሁን።»

እማማ ተነሡ። «አራስ ከቤት ልትወጣ? ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሣ?»

«እማማ፣ እርስዎ ይቅሩ። እኛ እንሄዳለን።»

ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም። እህቴ እንኳ ደንግጣ አየችኝ። እማማ ነጠላቸውን ደረቡ፤ ከመደርደሪያው ላይ ትንሿን ቢላዋ አንሥተው እህቴ እጅ ላይ አስያዟትና ቀድመውኝ ወጡ። አራስ ባዶ እጇን አትወጣም፣ ብረት መያዝ አለባት። ባጃጁ ውስጥ ሦስታችን ተጨናንቀን፣ ልጅቷ በእህቴ ደረት ላይ ልብስ ውስጥ፣ ቢላዋው በመሃላችን።

ሆስፒታሉ በር ላይ ፈታሹ ቢላዋውን አየው።

«ይሄ አይገባም።»

«አራስ ናት» አሉ እማማ።

«አውቃለሁ እናቴ። ባለቤቴም ይዛ ነበር። ግን አይገባም። እዚህ ይቆይልዎ።»

«ያለ ብረት እንዴት ትገባለች?»

ፈታሹ ትንሽ አሰበና ከኪሱ የቁልፍ ማንጠልጠያ አወጣ። አንዱን ቁልፍ ፈትቶ ሰጣቸው። «ይሄም ብረት ነው። ሲወጡ ይመልሱልኝ። የመጋዘን ነው።»

እኔ በዚህ ሁሉ መሃል ልጅቷን ነጥቄ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። አሁን ሳስበው ግን እዚያ ግቢ ውስጥ እኛን እየሰማ ሥራውን የሠራ ሰው እሱ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ብዙ አልጠየቀም። የልጅቷን ተረከዝ ጠርጎ ወጋና ደሟን ትንሽ ማሽን ላይ ነካ አደረገ። እማማ ከጀርባችን አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር።

«ይቺ የእኔዋ ናት» አሉ።

«ምን አሉ እናቴ?»

«ማሽኗ። የእኔዋ ናት። ጠዋት ጠዋት የምለካባት።»

ማሽኑ ጮኸ፤ ቁጥሩ ወጣ። ሐኪሙ ምንም ከማለቱ በፊት እማማ አነበቡት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። እንዲህ ስል ማጋነኔ አይደለም፤ ያን ቁጥር እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሴቶች ሁሉ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ከመጽሐፍ ነው የማውቀው። እሳቸው ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀው፣ ላብ አጥምቋቸው፣ ሰው ስማቸውን ሲጠራ እየሰሙ መመለስ አቅቷቸው ያውቁታል።

«በዚህ ቁጥር እኔ መሬት ላይ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ተኝታ አይደለም እኮ።»

ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው ጠብቆ ነበር፤ በጥርሳቸው ፈቱት። ከረሜላውን በመዳፋቸው ለሐኪሙ ዘረጉለት።

«ይሄን በውኃ አሟሙላት።»

ሐኪሙ አልሳቀም። «አይ እናቴ፣ ይያዙት። ለእሷ በደም ሥር ነው የምንሰጣት። አንድ ነው ሥራው።» ነርሷ ግሉኮሱን አዘጋጀች። የልጅቷ ደም ሥር እንደ ክር ነው፣ ቶሎ አልተገኘም። በመጨረሻ እጇ ላይ አገኙት።

እሱ ካለቀ በኋላ ነው ሐኪሙ ወደ እኛ የዞረ። «በስንት ወሯ ነው የተወለደች?»

«በሰባት» አሉ እማማ፣ እንደለመዱት።

«በዘጠኝ» አልሁ እኔ።

ሐኪሙ ሁለታችንንም አየ። ከዚያ እህቴን አየ። እህቴ የመጋዘኑን ቁልፍ በእጇ ጨብጣ ይዛ ነበር።

«ዘጠኝ ሞልቶኝ ነበር» አለች። ወደ አማቷ አላየችም።

ሐኪሙ የልጅቷን እግር ብድግ አድርጎ መዳፉን አሳየን። ከጣቷ እስከ ተረከዟ መስመር በመስመር ነው። «ይሄ የሰባት ወር እግር አይደለም፤ የሰባት ወር ልጅ መዳፉ ልሙጥ ነው። ይቺ ጊዜዋን ጨርሳ ነው የመጣች፣ ግን ሳትጠግብ። ሰባት ነው ብዬ ብይዝ ኖሮ ክብደቷ ጥሩ ነው፣ እንቅልፏም የተለመደ ነው ብዬ ነገ ልሸኛችሁ እችል ነበር።»

«ጾሜ ነበር» አለች እህቴ።

«በእሱ ብቻ አይሆንም። የእንግዴ ልጁም፣ የደም ግፊቱም፣ ብዙ ነገር አለው። አሁን የሚጠቅመን እሱን መፈለግ አይደለም። አሁን የሚጠቅመን እሷን ማጥባት ነው።»

እማማ ከረሜላውን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ጥቂት ቀን እዚያው ቆየን። ልጅቷን በእናቷ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ በነጠላ አስረን ነው የምናውላት፤ እህቴ ስትታጠብ ተራው የእኔ ነው። ስልኬ በየሁለት ሰዓቱ ይጮሃል። የመጀመሪያው ቀን ሲጮህ እማማ ስልኩን አነሡት፤ ትራስ ሥር ሊከቱት ነው ብዬ ጠበቅሁ። «ደርሷል» አሉ፣ እና የልጅቷን እግር እየነካኩ ራሳቸው ይቀሰቅሷት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ደወሉን አልጠበቁም። እኔ ገና እንቅልፌን ሳልጠግብ «ምሩቋ፣ ተነሺ፣ ስኳሯ ይወርዳል» ይሉኛል። ከእኔ የባሰ ሆኑ።

ከሆስፒታል በወጣን በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ከአንበሳሜ የባልየው አክስት አንድ ማሰሮ ቅቤ ይዘው መጡ፤ ለጋ፣ ለልጅቷ የሚዋጥ። ታማ ነበር መባሉን ሰምተዋል። የላም ወተትም ከየት እንደሚገኝ አጣርተዋል።

«በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ካዋጣችኋት ለክርስትናዋ እንደ ዱባ ትሆናለች» አሉ።

እኔ አልሁ፦ «ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡት በቀር ምንም አትቀምስም።»

«ይቺ ማን ናት?» አሉ አክስትየው እማማን።

«ምሩቋ ናት» አሉ እማማ። ማሰሮውን ተቀብለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ምን እንዳሰቡ አልታወቀኝም።

አክስትየው ከሄዱ በኋላ ልከራከራቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቀድመው ጠየቁኝ። «ብትወፍር ምን ይሆናል? ቀጭን ሆና አይደለም እንዴ የወደቀች?»

እና ነገርኋቸው። ሆድ ውስጥ እያለ ምግብ ያጠረው ልጅ ሰውነቱ መቆጠብ ይለምዳል አልኋቸው። ያገኛትን ሁሉ ያስቀምጣል። ከወጣ በኋላ ቶሎ ቶሎ ብናወፍረው፣ ያ ሰውነት አሁንም ክፉ ቀን የሚመጣ እየመሰለው ስብ ያከማቻል፤ ሲያድግ፣ ጎልማሳ ሲሆን፣ ስኳርና ግፊት ይቀርበዋል። ሁሉም አይደለም፣ ግን ከሌላው ይበልጥ ይቀርበዋል። ስለዚህ እንድታድግ ነው እንጂ እንድትወፍር አይደለም የምንፈልገው። ርዝመቷ፣ ጭንቅላቷ፣ ክብደቷ፣ አብረው፣ ቀስ ብለው። ሳትራብም፣ ሳትጨናነቅም።

እማማ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«እኔም የሰባት ወር ነኝ» አሉ።

«እንዴት?»

«ትንሽ ሆኜ ነው የተወለድሁ። እናቴ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ጥጥ ውስጥ ጠቅልለው አስቀመጡኝ። የሚያጠባኝ ሰው አልነበረም፤ ለምን ብሎ ያጠባል፣ አታድግም ተብሏላ። አያቴ ቄስ ነበሩ። መጥተው አዩኝና ይቺ የሰባት ወር ናት፣ ታድጋለች፣ ጡት ያላት ሁሉ ታጥባት አሉ። ስንት ወር እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ማንም አልቆጠረም። ግን ሰባት ካሉ በኋላ የመንደሩ ሴት ሁሉ በተራ አጠባኝ።»

ለእኔ ሰባት ስህተት ነበር፤ በጣት ተቆጥሮ የሚስተካከል። ለእሳቸው ግን አትተዉአት ማለት ነበር።

«ከዚያስ?» አልኋቸው።

«ከዚያማ ቅቤ ነዋ። ገና ጥርስ ሳላወጣ አወፈሩኝ። ሲያዩኝ ደስ የሚል ነበር አሉ።» ነጠላቸው ጫፍ ላይ ያለውን ቋጠሮ ነካኩት። «ስኳሩ ከዚያ ነው በይኛ?»

አዎ ማለት ይቀል ነበር፤ ክርክሩን አሸንፍ ነበር። ግን አላውቅም። «ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ማንም በእርግጠኝነት አይነግርዎትም» አልሁ።

«ይሄ ነው ትምህርቱ?»

«ይሄ ነው።»

ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ቅቤው ለእህቴ ገንፎ መዋል ጀመረ፣ ለጸጉሯም ተረፈ። አክስትየው ሲደውሉ «ኧረ ገብቷል፣ በደንብ ገብቷል» ሲሉ ሰማኋቸው። ውሸት አይደለም፣ በእናቷ በኩል ነው የገባው።

ልጅቷ በየሳምንቱ ትመዘናለች። ክርስትና ሳትነሣ ከቤት መውጣቷን እማማ እስከ መጨረሻው አልወደዱትም፤ ቢላዋው ቀርቶ ቁልፍ ያስይዙናል፣ ፊቷን ይሸፍኗታል፣ ግን ባጃጁን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። አንዳንድ ሳምንት ብዙ ትጨምራለች፣ አንዳንድ ሳምንት ምንም። ምንም ያልጨመረች ሳምንት እህቴ አልቅሳለች፤ እማማ ማሰሮው ወዳለበት መደርደሪያ ሲያዩ አይቻቸዋለሁ፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ቶሎ ትወፍር ብዬ ተመኝቻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ ጨመረች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ውኃው ሲነካት የጮኸችው ጩኸት ከቤተ ክርስቲያኑ ውጪ ተሰምቷል። ከጎኔ የቆመች ሴትዮ «ኧረ ይቺስ አስቸጋሪ ናት» አለች። እማማ ቀና ብለው ቆመው ነበር።

ከክርስትናው በኋላ ለክትባት ስንሄድ አዲስ ነርስ ገጠመችን። ልጅቷን መዘነች፣ ርዝመቷን ለካች፣ ከዕድሜዋ ጋር ስታስተያየው ትንሽ ሆነችባት።

«በስንት ወሯ ተወለደች?»

እህቴ አፏን ከፈተች። እኔም ከፍቻለሁ። እማማ ግን ከበሩ ላይ ቀደሙን።

«በዘጠኝ። ሙሉ ዘጠኝ። ትንሽ ሆና ነው የተወለደች። ስኳሯም ወርዶ ያውቃል፣ መዝግበሽ ያዢልን።»

እህቴና እኔ ተያየን። ነርሷ ሐኪሙ የእድገት ካርዷ ላይ ካሰመረልን መስመር ጋር አስተያይታ በራሷ መስመር እየሄደች ነው፣ ቀስ እያለች ነው፣ ጥሩ ነው አለችን። በጣም ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ወደ እማማ ሄጄ እጃቸውን ሳምሁ። «ምን ሆነሻል» አሉኝ።

ስንወጣ ባጃጁ ውስጥ አንዲት የማናውቃት ሴት ከእኛ ጋር ተሳፈረች። ልጅቷን አጎንብሳ አየቻት። «ውይ፣ ስታንስ። የስንት ወር ናት?»

«የሰባት ወር ናት» አሉ እማማ። «አድጋለች እንግዲህ።»

«እሰይ፣ የሰባት ወር ታድጋለች» አለች ሴትዮዋ፣ እጇንም ልጅቷ ላይ ጣል አድርጋ መረቀቻት።

ሴትዮዋ ስትወርድ አላስቻለኝም። «እማማ፣ አሁን ለነርሷ ዘጠኝ አላሉም እንዴ?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ነርሷ የምትጠይቀኝ ልታክማት ነው። ይቺ ምን ልታደርግልኝ ትጠይቀኛለች? መመረቅ ነው የምትችለው። ለምርቃት ሰባት ይሻላል።»

እህቴ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ልመልስ ስል ልጅቷ ነቃች። ፊቷ ቀልቶ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ሾፌሩ እስኪዞር ድረስ ጮኸች። ጉንጯ አሁንም ያን ያህል አይደለም፣ ድምፅዋ ግን ሁለት ኪሎ አይደለም።

«አጥቢያት» አሉ እማማ እህቴን፣ ነጠላቸውን ጋርደው እየያዙላት። «ጨዋነቷን ትታለች።»